ለመኖሪያ ግቢ ስለሚመረጡ አበባ ያላቸው ቍጥቋጦዎች

የመኖሪያ ግቢ ከቤቱ ቀጥሎ የባለቤቱን ትጋት የሚያስታውቅ ስፍራ ነው። ቤቱ በመልካም ድንጋይ ተሠርቶ ግቢው አቧራ የሚነሣበት ወይም አረም የወረሰው የሆነ እንደ ሆነ፥ የቤቱ ውበት እኩሌታው እንደ ጐደለ ይቆጠራል። ስለዚህ በየግቢው አበባ ያላቸውን ቍጥቋጦዎች ለመትከል መትጋት የሚመሰገን ሥራ ነው። ቍጥቋጦ ማለት አንድ ረጅም ግንድ በማውጣት ፈንታ ከመሬት አጠገብ ብዙ ቅርንጫፍ የሚያበቅል፥ ቁመቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር የማይበልጥ እንጨት ያለው ተክል ነው። ከዛፍ ይልቅ ቶሎ ያብባል፥ በየዓመቱ ከሚዘራ አበባ ይልቅ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ አጥርም፥ መጋረጃም፥ የንብ መሰማሪያም ይሆናል።

ነገር ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ችግኙ በሚሸጥበት ስፍራ በታየው የአበባ ቀለም ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሦስት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው፥ ለቆላ የሚስማማው በደጋ ተተክሎ በመጀመሪያው ውርጭ ይደርቃል፤ ገንዘቡና ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው፥ መርዝ ያለው ተክል ልጆችና ከብቶች ወደሚውሉበት ግቢ ይገባል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፥ አንዳንዱ ቍጥቋጦ በአጥር ውስጥ የማይቀር ሆኖ ወደ ግጦሽና ወደ እርሻ ያመልጣል፤ አንድ ሰው ለጌጥ የተከለውም ለብዙ ሰው ዕዳ ይሆናል።

ይህ ነገር በተለይ ሹማምንትንና ሰፊ ይዞታ ያላቸውን ሰዎች ይመለከታል። የሹም ግቢ ባለጉዳይ የሚቆምበት፥ እንግዳም የሚገባበት ስፍራ ስለሆነ፥ በዚያ የታየ ተክል ሁሉ በአገሩ ሰው ዘንድ ምሳሌ ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ ይለምናል፥ ሌላው ፍሬ ለቅሞ ይሄዳል፤ በጥቂት ዓመትም ተክሉ በቀበሌው ሁሉ ይታያል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ይህን ያህል የተዛመተው ሰው ከሰው እያየ በየደጁ ስለ ተከለው ነው። በበጎ ተክል የሆነው መዛመት በክፉ ተክልም እንደዚሁ ይሆናል። ስለዚህ ማናቸውም ቍጥቋጦ ከመተከሉ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ይኸውም፥ ተክሉ የአገሩን አየርና አፈር ይችላልን? ሰውንና ከብትን አይጐዳምን? በተተከለበት ስፍራስ ተወስኖ ይኖራልን? የሚሉት ናቸው። የአበባው ቀለም የሚታየው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ስለ አገሩ ከፍታና ስለ አየሩ

በኢትዮጵያ የተክል ሁሉ ዳኛ የአገሩ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በድሬዳዋና 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን መካከል በከፍታው ምክንያት ብቻ 10 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በአንዲቱ ከተማ ያማረው በሌላይቱ ቢሞት የሚያስደንቅ አይሆንም። የአባቶች አከፋፈል፥ ማለት ቆላ እስከ 1,500 ሜትር፥ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፥ ደጋ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር፥ ከዚያም በላይ ውርጭ የሚባለው፥ ዛሬም ለተክል ምርጫ የታመነ መሪ ነው።

በደጋ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ብርዱ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚወርድ፥ በዚያው ግቢ ውስጥ እንኳ ረባዳው ከተዳፋቱ ይልቅ ይጐዳል። ብርድ የሚፈራ ተክል የግድ የሚተከል ከሆነ በቤቱ ግድግዳ አቅራቢያ፥ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ይሁን፤ ግድግዳው ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳልና።

ስለ አፈርና ስለ ውሃ

ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይዞ ያድራል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ቍጥቋጦዎችም ከድርቅ ይልቅ በዚህ በተኛ ውሃ ይሞታሉ። የግቢውን አፈር ጠባይ ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃ መሙላት ይበቃል። ውሃው በማግሥቱ ሳይሰርግ ከተገኘ፥ ተክሉ በጕድጓድ ሳይሆን ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ሊተከል፥ የጐርፍ መውረጃ ቦይም ሊወጣለት ያስፈልጋል። ቀይ አፈር ግን ውሃውን ስለሚያሳልፍ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ፍግና ጕዝጓዝ ብቻ ነው።

የውሃውም ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። በበጋ የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ዕለት ዕለት ውሃ የሚሻ ተክል መትከል የሰውን ድካም ማብዛት ነው። በዚህ ጊዜ ሥሩ ከያዘ በኋላ በራሱ የሚኖረውን የአገር ቍጥቋጦ መምረጥ ይሻላል።

ለየአገሩ የሚስማሙ ቍጥቋጦዎች

በቆላ አገር ከሁሉ ይልቅ ድርቅን የሚችል ይመረጣል። ከውጭ ከመጡት መካከል ቡገንቪሊያ ለዚህ የታወቀ ነው። ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ ከዞረው ከፈረንሳዊው ከቡገንቪል ነው። ሰው አበባ የሚለው ባለቀለሙ ክፍል በእውነት ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ቡገንቪሊያ ሙሉ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃና ፍግ ያበዙበት እንደ ሆነ ቅጠል ብቻ ያወጣል፥ አበባውን ይነሣል፤ ውርጭም ይጐዳዋል። ከአገር ተክል ደግሞ አጋም ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ይበቅላል። አበባው ነጭና መልካም መዓዛ ያለው ነው፤ ፍሬው ይበላል፤ እሾሁም ፍየልን የሚከለክል አጥር ይሆናል። እሬት ቍጥቋጦ ባይባልም፥ ቀይና ቢጫ አበባው በድንጋያማና በደረቅ ግቢ ከቍጥቋጦዎች ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

በወይና ደጋ ምርጫው እጅግ ይሰፋል። ሰንሰል በብዙ ስፍራ ለአጥር የተለመደ ነው፤ ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል በቀላሉ ይይዛል፥ ነጭ አበባውንም ንብ ይወደዋል። ጠምበለል ወደ ላይ የሚሳብ ስለሆነ በበርና በሰገነት ላይ ይለቀቃል፤ መዓዛው በተለይ በምሽት ይታወቃል። ራስ ክምር ብርቱካን መሳይ አበባውን በግንዱ ዙሪያ ደረጃ በደረጃ እየከመረ ያወጣል፤ የአበባ ማር የሚመጥጡ ወፎችም ይመላለሱበታል። ግራዋ ለጋን ማጠቢያ ብቻ የታወቀ ቢሆንም፥ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንቦች ይሰበሰቡበታል። ከውጭ ከመጡት ጽጌረዳና ሂቢስከስ ይስማማሉ፤ የሂቢስከስ አንዱ አበባ አንድ ቀን ያህል ብቻ ቢቈይም ተክሉ በየቀኑ አዲስ ያወጣል። ሮዝመሪ የሚባለውም የጥብስ ቅጠል ፀሐይና ውሃ የማይተኛበት አፈር ካገኘ ሰማያዊ አበባ እየሰጠ ለወጥ ቤትም ያገለግላል።

ቡናም እንደ ጌጥ ተክል ሊታሰብ ይገባዋል። በጅማና በሲዳማ፥ እነዚህንም በመሰሉ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባሉ አገሮች፥ ቡና በበጋው መጨረሻ ዝናብ ባገኘ በሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ጨምሮ ቅርንጫፉ ሁሉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ መዓዛውም ጠምበለልን ይመስላል። አበባው የሚቈየው ጥቂት ቀን ነው፤ ነገር ግን ከአበባው በኋላ ቀይ ፍሬው፥ ዓመቱን ሁሉም የሚያብለጨልጭ ቅጠሉ ግቢውን ያስጌጣል። ጥላ ስለሚወድ ሌላ አበባ በማይኖርበት በዛፍ ሥር መተከሉ ተጨማሪ ጥቅሙ ነው።

በደጋ አገር ቀጋ ከሁሉ ይቀድማል። ቀጋ ከአፍሪካ ሐሩር ክፍል የተገኘ ብቸኛው የዱር ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው መልካም መዓዛ አለው፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ፍሬውን እረኞችና ልጆች ይበሉታል፤ እሾሁ አጥር ይሆናል፤ የደጋውንም ብርድ ለምዶታል። አሜጃ ብሩህ ቢጫ አበባ ያወጣል። አንፋር ብርቱካን የሚመስል ቢጫ አበባ በረጃጅም ዘለላ ይሰጣል፤ ንብም ይወደዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ነጭና ጥቃቅን አበባ ያለው አስታ የዚያው የተራራ ልጅ ስለሆነ፥ ከሩቅ አገር የመጣው ሁሉ ሲከስም እርሱ ይጸናል።

ቀፎ ያለው ባለቤት ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ። ቅጠለ አበባው የተደራረበ ጽጌረዳ ለዓይን ቢያምርም ለንብ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ነጠላ አበባ ያላቸው ይሻላሉ። የትግራይ ነጭ ማር ዝናው ከተበብ አበባ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተበብም ተራራ ለተራራ የሚበቅል ትንሽ ቍጥቋጦ ነው። አንድ የማይናቅ ቍጥቋጦ ለአንድ አገር ምን ያህል ሀብት እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል።

መርዝ ስላላቸው ቍጥቋጦዎች

የአበባ ማማር የተክሉን ደግነት አያስረዳም። በየከተማው በመንገድ ዳርና በግቢ የሚታየው ኦሊያንደር ሐምራዊና ነጭ አበባው እጅግ ያማረ፥ ድርቅንም የሚችል ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ፥ ግንዱ፥ አበባውም ሁሉ ልብን የሚያውክ መርዝ አለው። ጥቂት ቅጠል ፈረስን ወይም ላምን ሊገድል ይችላል፤ ቅጠሉ ከደረቀም በኋላ መርዙ አይጠፋም። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ተክሉ ቆሞ ሳለ ሳይሆን፥ የተከረከመው ቅርንጫፍ ከአጥር ውጭ ተጥሎ ከብት ሲያገኘው ነው። ጢሱም ስለሚጐዳ ማገዶ ሊደረግ አይገባም፤ በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ይሻላል። እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠል ትልቅ ነጭ አበባ ያለው ቍጥቋጦም የአስተናግር ዘመድ ስለሆነ ለልጆች አደገኛ ነው። ለአጥር የሚተከለው የዱራንታ ወርቅ መሳይ ፍሬም ልጆች ቢበሉት ያማል፤ የቅንጭብ ወተት ዓይን የገባ እንደ ሆነ ዓይንን ክፉኛ ይጐዳል።

የአገር ተክል ሁሉ ደግ ነው ማለትም ስሕተት ነው። መረንዝ አበባው ነጭና መዓዛው ጣፋጭ፥ ፍሬውም ሲበስል ጥቁር የሆነ የአገር ቍጥቋጦ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን አዳኞች የቀስት መርዝ ያወጡበት የነበረ ተክል ነው። ከአጋም ጋር ስለሚመሳሰል ችግኝ ከዱር የሚያመጣ ሰው ይህን ይለይ፤ አጋም እሾህ አለው፥ መረንዝ ግን እሾህ የለውም። ድግጣም ቢጫ አበባው የተንዠረገገ ውብ ቍጥቋጦ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ቅማልንና መዥገርን ለማጥፋት የሚያገለግለው በውስጡ መርዝ ስላለ ነው። እንደዚህ ያሉት ትምህርት ቤት ባለበት፥ ሕፃናት በሚውሉበት፥ ወይም ጥጃ በሚታሰርበት ግቢ አይተከሉ።

ከተተከሉበት ስለሚያመልጡ ቍጥቋጦዎች

የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ ሐሩር ክፍል ነው። አበባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ እየተለወጠ በአንድ ራስ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ስለሚያሳይ፥ አውሮፓውያን በ17ኛው ምእተ ዓመት ለጌጥ ወስደው ተከሉት፤ ከዚያም ወደ እስያ፥ ወደ አፍሪካና ወደ አውስትራልያ አዛመቱት። ዛሬ በዓለም እጅግ ከከፉት መቶ ወራሪ ፍጥረቶች እንደ አንዱ ይቈጠራል። በኢትዮጵያም በተለይ በምሥራቁ ክፍል፥ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ፥ የግጦሽ መሬትን ወርሷል። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ይጥላሉ፤ ቍጥቋጦው ጥቅጥቅ ብሎ ሣሩን ያጠፋል፤ ከብት ርቦት ቅጠሉን የበላ እንደ ሆነ ጕበቱ ይታመማል፥ ቆዳውም በፀሐይ ይቃጠላል። ግንዱ ብቻ ቢቈረጥ ከሥሩ መልሶ ያቈጠቍጣል።

የውሃው እንቦጭም ቍጥቋጦ ባይሆን ትምህርቱ ያው ነው። ይህ የደቡብ አሜሪካ ተክል በዓለም የተዛመተው ሐምራዊ አበባው ለኩሬ ጌጥ ተወዶ ነበር። በኢትዮጵያ በቆቃ የውሃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ታወቀ፤ በጣና ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ዳር የሚኖረው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ብዙ ድካም ደርሶበታል፤ ብዙ ሕዝብም በእጁ ለመንቀል ዘምቷል።

እንግዳ የሆነ ተክል ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት የሚከተሉት ምልክቶች ይመርመሩ።

1ኛ፤ ወፎች ፍሬውን አብዝተው የሚበሉት መሆኑን፤

2ኛ፤ ተሰብሮ የወደቀው ቅርንጫፍ በራሱ ሥር የሚሰድ መሆኑን፤

3ኛ፤ በአቅራቢያው ባለ መንገድ ዳር ወይም ጦም ባደረ መሬት ማንም ሳይተክለው በቅሎ መታየቱን፤

4ኛ፤ ከብት የማይነካው መሆኑን።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ የታየ እንደ ሆነ ጥንቃቄ ይበቃል። ሦስቱ ወይም አራቱ በአንድ እንግዳ ተክል የተገኙ እንደ ሆነ ግን መትከሉ ይቅር። የወፍ ቆሎ አስቀድሞ በግቢው ያለበት ሰው ፍሬ ሳያፈራ ከነሥሩ ይንቀለው፤ ከየዝናቡም በኋላ ተመልሶ የበቀለውን እየተከታተለ ያጥፋ፤ ስፍራውም ባዶ እንዳይቀር ሰንሰልን ወይም ሌላ የአገር ቍጥቋጦን ይተካበት።

ስለ ስፍራው አደላደል

ከአጋም የተጠጋ ቍልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚለው ተረት ለግቢ አትክልትም የሚሠራ ምክር ነው። ችግኝ ሲተከል ትንሽ ስለሆነ ሰው ያቀራርበዋል፤ ካደገ በኋላ ግን እርስ በርሱ ይጐዳዳል። ለብቻው የሚቆም ቍጥቋጦ ሲያድግ የሚኖረው ስፋት ተገምቶ ያን ያህል ርቀት ይሰጠው፤ ለአጥር የሚሆነው ግን ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይተከል። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ እርጥበት ግድግዳውን እንዳይበላ፥ እባብም በመስኮት ሥር መሸሸጊያ እንዳያገኝ ነው። ረጃጅሙ በስተኋላ፥ አጫጭሩ በስተፊት ይሁን። በበርና በመንገድ መታጠፊያ ከ1 ሜትር በላይ የሚያድግ አይተከል፤ የሚመጣውን ሰው ይሰውራልና።

ብዙ ዓይነት እያንዳንዱን አንድ አንድ ከመትከል፥ ሦስት ወይም አራት ዓይነት መርጦ እያንዳንዱን በአንድ ስፍራ ሰብሰብ አድርጎ መትከል ለዓይን ይሻላል፥ ለመጠበቅም ይቀላል። የአበባቸውም ወራት የተለያየ የሆኑትን መምረጥ ግቢው ዓመቱን ሁሉ አበባ እንዳያጣ ያደርጋል። የአበባው ወር በየአገሩ ስለሚለያይ፥ ባለቤቱ በአካባቢው የትኛው ቍጥቋጦ በየትኛው ወር እንደሚያብብ አንድ ዓመት ተመልክቶ በጽሑፍ ቢይዝ ከማናቸውም መጽሐፍ የበለጠ ይመራዋል።

ስለ አተካከሉ

ጕድጓዱ ዝናብ ከመግባቱ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ፥ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሆኖ ይቈፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎም ወደ ሥሩ ይመለስ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ክረምት በሰኔ በሚገባበት አገር ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይፈጸም፤ እንደ ቦረና ባሉ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንብባቸው አገሮች ግን ያንኑ ጊዜ መከተል ይገባል። ችግኙ በላስቲክ የመጣ እንደ ሆነ ላስቲኩ ተቀድዶ ይውጣ፤ ሳይወጣ የተተከለ ሥሩ ታንቆ ይቀራል።

በቅርንጫፍ የሚራባው፥ የእርሳስ ያህል ውፍረትና አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፥ ቢያንስ ሦስት ዓይን የያዘ ሆኖ ይቈረጥ፤ ከሦስት እጁ ሁለቱም በአፈር ውስጥ ይግባ። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል፤ ጥልቅ ውሃ ሥሩን ወደ ታች ይስበዋልና። ዙሪያው በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይጐዝጐዝ፤ ምስጥ በሚበዛበት አገር ግን ጕዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ይሁን። ጽጌረዳና ሂቢስከስ በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብቡ መከርከም ይጠቅማቸዋል፤ ባለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ የሚያብበው ግን አበባውን ከጨረሰ በኋላ ብቻ ይከርከም፤ አለዚያ የመጪው ዓመት አበባ አብሮ ይቈረጣል።

የኢትዮጵያ ምድር 6,000 ገደማ የሚሆኑ የአበባ ተክል ዓይነቶች ያሉባት ስለሆነች፥ ለግቢ ጌጥ ሁልጊዜ ወደ ውጭ መመልከት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ያለውን የጕለሌን የዕፀዋት ማእከል የጐበኘ ሰው በየሜዳው ሳያስተውላቸው ያለፋቸውን ቍጥቋጦዎች በተመረጠ ስፍራ ቆመው ሊያያቸው ይችላል። በየወረዳው ያሉ የችግኝ ጣቢያዎችም ከባሕር ዛፍና ከጽድ ጋር ቀጋን፥ አሜጃን፥ አንፋርንና ሰንሰልን ቢያፈሉ፥ ሕዝቡ የሚመርጠው ያገኛል። ሹሙም ሆነ ባለይዞታው ከግቢው ቅርንጫፍ ቈርጦ ለለመነው ጎረቤት ሲሰጥ፥ የተክሉን ስም፥ የሚስማማውን አገር፥ መርዝም ካለው መርዙን አብሮ ይንገር። ስሙና ጠባዩ ያልታወቀ ቅርንጫፍ ግን ከግቢው አይውጣ።